ጮቄ ላይ ያለቀ በረዶ የለም

ከደብረ ማርቆስ አንድ የጂኦግራፊ መምህር እንዲህ ሲሉ ጠይቀዋል፦

«ያደግሁት ሮብ ገበያ አካባቢ ነው። ልጅ ሳለሁ አንዳንድ ጠዋት የጮቄ ተራራ ነጭ ሆኖ አየው ነበር። ውሃ የምንቀዳበት ምንጭ ያኔ ሚያዝያ ላይም አይደርቅም። አሁን የካቲት ሳይወጣ ይነጥፋል። ለተማሪዎቼ የተራራ በረዶ በበጋ እየቀለጠ ወንዞችን እንደሚመግብ፣ በሙቀት መጨመር ሳቢያም እየተመናመነ እንደሆነ አስተምራለሁ። በቀደም አንዷ እጇን አወጣችና ‹የኛ ምንጭ የደረቀው የጮቄ በረዶ ስላለቀ ነው?› አለችኝ። መልስ አጣሁ። ምን ልበላት?»

መምህር፣ ለልጅቷ የሚሰጣት አጭሩ መልስ «አይደለም» ነው። ጮቄ ላይ ያለቀ በረዶ የለም። እርስዎ ልጅ ሳሉም አልነበረም፣ በአያትዎ ጊዜም አልነበረም። ምንጩ ግን በእውነት ደርቋል። ልጅቷ ስርቆቱን አይታለች፤ የጠረጠረችው ሌባ ብቻ ነው የተሳሳተው። ትክክለኛውን ሌባ ለማግኘት ትንሽ ዞር ማለት ይኖርብናል።

መጀመሪያ ያዩትን ነጭ ነገር እናንሳ። የግራ መጋባቱ ግማሽ የቋንቋ ነው። በአማርኛ ክረምት ላይ ቆርቆሮ የሚደበድበው ጠጠር በረዶ ነው። ፍሪጅ ውስጥ የሚረጋውም በረዶ ነው። ፈረንጅ አገር እንደ ጥጥ ብን እያለ የሚወርደውም በረዶ ነው። ለዚህኛው «አመዳይ» የሚሉ አሉ፣ ግን ብዙ ሰው አመዳይን ከውርጭ ለይቶ አይጠራውም። የመማሪያ መጽሐፉ «በረዶ» ሲል ሦስተኛውን ማለቱ ነው። ተማሪዋ ደግሞ በዓይኗ ያየችው የመጀመሪያውን ነው። ሁለቱ በአንድ ቃል ሲጠሩ እንዲህ ያለ ጥያቄ ቢመጣ አይገርምም።

እርስዎ ያዩት በኅዳር ወይም በታኅሣሥ ጠዋት ከሆነ ውርጭ ነው። ሌሊት ሰማዩ ጥርት ሲል መሬቱ የቀን ሙቀቱን ይለቃል፣ በአየሩ ውስጥ ያለችው ጥቂት እርጥበትም ሳሩ ላይ ትረጋለች። ፀሐይ ሞቅ ስትል የለችም። ከዚህ የሚገኘው ውሃ ጤዛ ያህል ነው። በሐምሌና በነሐሴ ከሆነ ግን ያዩት ጠጠሩን በረዶ ነው። አንድ ሐምሌ የወንዝ ፍሰት ልንለካ ከድጓ ጽዮን በላይ ስንወጣ እንዲህ ያለው ያዘን። ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው። ሲያባራ መሬቱ እስከ ቁርጭምጭሚት ነጭ ሆኗል። ሾፌራችን ወርዶ ፎቶ ተነሣና «ስዊዘርላንድ ገብቻለሁ» ብሎ ለጓደኞቹ ላከ። ከሰዓት ሥራችንን ጨርሰን በዚያው ስንመለስ ጓሳው (የደጋው ረጅም ሣር) ሥር ተሸጉጦ ከቀረው በቀር ስዊዘርላንድ የለችም።

አገሬው ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ ብሎ ወደ ላይ ከወጣ በኋላ የመጨረሻውን ከፍታ «ውርጭ» ብሎ ነው የሰየመው። «በረዶ» አላለውም።

አሁን መጽሐፉ ስለሚናገረው ነገር። የተራራ በረዶ ለውሃ አቅርቦት ትልቅ የሚሆነው ብዛቱ ብቻ ሳይሆን ጊዜን ስለሚያሸጋግር ነው። ክረምታቸው ቀዝቃዛም እርጥብም በሆነ አገር ዝናቡ ተራራ ላይ በረዶ ሆኖ ይወርዳል፣ እዚያው ተደራርቦ ወራት ይቆያል። ውሃ በሚፈለግበት በደረቁ ወቅት ቀስ እያለ ይቀልጣል። ማንም ያልገነባው ግድብ ነው በሉት። የካሊፎርኒያን ምሳሌ ለክፍልዎ ቢያነሡ ጥሩ ነው። ግዛቲቱ ከምትጠቀምበት ውሃ በአማካይ 30 በመቶ ያህሉ ሴራ ኔቫዳ በተባለው ሰንሰለታማ ተራራ ላይ ከሚጠራቀመው በረዶ የሚመጣ ነው። ባለሙያዎች ባዶ ቱቦ በረዶው ውስጥ እስከ መሬት ይሰኩና አውጥተው ይመዝኑታል። ቁመቱ ብቻ አይበቃማ። አዲስ የወረደ በረዶ 10 ሴንቲሜትር ቢለካ ሲቀልጥ 1 ሴንቲሜትር ውሃ ቢወጣው ነው። ተጨቁኖ የከረመው ግን ሲሶው ውሃ ሊሆን ይችላል።

በረዶው ብዙውን ጊዜ ከፍተኛ መጠኑ ላይ የሚደርሰው እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1 አካባቢ ስለሆነ የዚያን ቀን ልኬት የዓመቱ በጀት ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በዚያ ቀን የተገኘው ከአማካዩ 5 በመቶ ብቻ ነበር። አገረ ገዥው ጄሪ ብራውን በሌላ ጊዜ በረዶ በሚለካበት ሜዳ ደረቅ ሣር ላይ ቆመው ከተሞች የውሃ ፍጆታቸውን በ25 በመቶ እንዲቀንሱ አዘዙ። ዝናቡ ጭራሽ ስለጠፋ ብቻም አልነበረም። ክረምቱ ሞቅ ስላለ የዘነበውም በረዶ ሳይሆን ውሃ ሆኖ ወርዶ ሄዷል። እርስዎ «እየተመናመነ ነው» ብለው የሚያስተምሩት ይህን ነው፣ ልክም ነው።

ታዲያ ጮቄ ለምን እንዲህ አይሆንም? ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ ከብዙ የአውሮፓ በረዷማ ተራሮች ይበልጣል። ሁለት ምክንያት አለ። አንዱን ተማሪዎችዎ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሊያሰሉት ይችላሉ። ደብረ ማርቆስ 2,450 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ አማካይ ሙቀቷ 16 ዲግሪ አካባቢ ነው። ወደ ላይ 1,000 ሜትር በወጣን ቁጥር ሙቀቱ በ6.5 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። 4,000 ሜትር ላይ ስንደርስ 10 ዲግሪ ቀንሶ 6 ዲግሪ ይቀራል። ያ ብርድ ነው፣ ጋቢ ያስደርባል፣ ግን በረዶ አያከርምም። በምድር ወገብ አካባቢ በረዶ ዓመት ከዓመት የሚቆየው ወደ 5,000 ሜትርና ከዚያ በላይ ነው። በአፍሪካ የኪሊማንጃሮ፣ የኬንያ ተራራና የሩዌንዞሪ ጫፎች ብቻ እዚያ ይደርሳሉ። ከ4,500 ሜትር የሚያልፈው የእኛው ራስ ዳሸን እንኳ አልፎ አልፎ ነጭ ይለብሳል፣ ይዞ ግን አይቆይም።

ሁለተኛው ምክንያት ለእኔ የበለጠ ይጥመኛል። የእኛ ብርድና የእኛ ዝናብ ተኳርፈዋል። ሌሊቱ ውሃ በሚያረጋበት በኅዳርና በታኅሣሥ ሰማዩ ደረቅ ነው። ደመናው በሚገባበት ከሰኔ እስከ መስከረም ደግሞ አየሩ ዜሮ አይደርስም። ብርዱ ሲመጣ ውሃ የለም፣ ውሃው ሲመጣ ብርዱ አይበቃም።

በነገራችን ላይ ይህ ጥያቄ የልጅቷ ብቻ አይደለም። ከ2,400 ዓመት በፊት አናክሳጎራስ የተባለ የግሪክ ፈላስፋ የዓባይ ሙላት ከበረዶ መቅለጥ ይመጣል ብሎ ነበር። የታሪክ ጸሐፊው ሄሮዶቱስ «ከሞቃት አገር የሚመጣ ወንዝ እንዴት ከበረዶ ይነሣል?» ብሎ አጣጣለው። ምክንያቱ ደካማ ነበር፣ መደምደሚያው ግን ልክ። እ.ኤ.አ. በ1618 ፔድሮ ፓኤዝ የተባለ እስፓኛዊ ሚስዮናዊ ሰከላ መጥቶ የዓባይን መነሻ ግሽ ዓባይን ሲያይ ያገኘው እርጥብ መስክ ላይ የሚፈልቅ ምንጭ ነው። በረዶ በአካባቢው የለም። ሊቃውንቱ ዘመናት የተከራከሩበትን የሰከላ እረኛ ሁልጊዜም ያውቀው ነበር ማለት ነው።

እንግዲህ በረዶ ከሌለ ሙጋ፣ ሱሃ፣ ጨሞጋ፣ ጀደብ፣ ተምጫ በጋውን በምን ይፈስሳሉ? በደብረ ማርቆስ አካባቢ በዓመት 1,300 ሚሊሜትር ገደማ ይዘንባል፣ አብዛኛው በአራት ወር ውስጥ። የሚይዘው ባይኖር ኖሮ በጥቅምት ሁሉም ወንዝ ደረቅ ኮረት በሆነ ነበር። የሚይዝ ነገር አለ። ከእግራችን ሥር ነው።

ጮቄ የጠፋ እሳተ ገሞራ ነው፤ ከ22 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰ ቅልጥ ድንጋይ ንብርብር ላይ ንብርብር እየሆነ ያቆመው። ንብርብሩ ስንጥቅጥቅ ያለ ነው። በሁለት ንብርብር መካከል ብዙ ጊዜ ቀይ፣ የተጠበሰ የመሰለ ጭቃማ አፈር ይገኛል። ውሃ በስንጥቁ ይወርዳል፣ ጭቃማው ላይ ሲደርስ ማለፍ ያቅተዋል፣ በጎን ይሄዳል፣ ገደሉ ላይ ምንጭ ሆኖ ብቅ ይላል። ምንጮች በአንድ ከፍታ ተሰልፈው ካዩ ምክንያቱ ይኸው ነው። ከድንጋዩ በላይ ደግሞ አፈሩ አለ። ከላይ ጥቁርና ልል፣ ወደ ታች ቀይ፣ ሜዳው ላይ ዋልካ። በአፈሩ ላይ ጓሳው፣ አስታው፣ ጅብራው፣ ዝቅ ሲል ቀርከሃው። ጓሳ የዝናቡን ጉልበት ይሰብራል፣ መሬቱን ከፀሐይ ይጋርዳል፣ ሥሩ አፈሩን ይይዛል።

አፈር ምን ያህል ይይዛል? አንድ ሄክታር መሬት ላይ አንድ ሜትር ጥልቀት ያለው ጥሩ አፈር አለ እንበል። ከመጠኑ አንድ አሥረኛው ቀስ ብሎ ወደ ታች የሚንጠባጠብ ውሃ ቢሆን 1,000 ሜትር ኩብ ነው። 50,000 ጀሪካን። በሴራ ኔቫዳ አንድ ሜትር የከረመ በረዶ በሄክታር 3,000 ሜትር ኩብ ያህል ይሰጣል። ስለዚህ የእኛ አፈር የእነርሱን በረዶ ሲሶ ያህል ይይዛል፣ የሚናቅ አይደለም። ትልቁ ልዩነት ግን ሌላ ነው፦ በረዶ ቢያልቅ በሚቀጥለው ዓመት ሊመለስ ይችላል፣ አፈር ግን አንዴ ዓባይ ከገባ ገባ ነው።

ይህ የወረቀት ስሌት ብቻ አይደለም። ከደምበጫ በስተ ሰሜን አንጀኒ የሚባል ቦታ እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ የተለካ 113 ሄክታር ተፋሰስ አለ። እዚያና በሌሎች ሁለት የኢትዮጵያ ደጋ ጣቢያዎች የተሰበሰበውን መረጃ የመረመሩ ሰዎች አንድ የሚገርም ነገር አገኙ። ክረምቱ ሲገባ ወንዙ ለዝናቡ ብዙም አይመልስም። ከትነት የተረፈው ዝናብ 500 ሚሊሜትር ያህል እስኪጠራቀም አፈሩ ይጠጣል። ከዚያ በኋላ ከሚዘንበው ግማሽ ገደማው ወንዝ ይሆናል። ገበሬው «መሬቱ ጠገበ» የሚለውን መሣሪያው በቁጥር አገኘው። ያ 500 ሚሊሜትር ነው የጎጃም የተራራ በረዶ።

አሁን ወደ ምንጭዎ። ቦታውን ሳላይ መፍረድ ባልችልም የተለመደውን ልንገርዎ። ጨሞጋ እዚያው ከደብረ ማርቆስ ሥር ስለሆነ በእርሱ ልጀምር። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1999 ያለው የፍሰት መዝገብ ሲታይ የወንዙ ዓመታዊ ፍሰት እየቀነሰ መጥቷል። ዝናቡም ትንሽ ቀንሷል፣ ግን የወንዙን መቀነስ የሚያብራራ አይደለም። ይበልጡን ከጥቅምት እስከ ግንቦት ያለውን ይመልከቱ። የበጋው ፍሰት በግልጽ ወርዷል፣ በእነዚያ ወራት የዘነበው ዝናብ ግን ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላሳየም። ሰማዩ የሚሰጠውን ሰጥቷል፣ መሬቱ ነው መያዝ ያቃተው።

ለምን ቢሉ፣ ማረሻው ወደ ላይ ወጥቷል። ዛሬ ገብስና ድንች ጮቄ ላይ እስከ 3,800 ሜትር ድረስ ይዘራሉ። ጓሳ የነበረው እርሻ ሆኗል። ቁልቁለት ላይ የታረሰ መሬት ሰኔ ሲገባ ራቁቱን ነው፣ የመጀመሪያው ኃይለኛ ዝናብ ያንን ጥቁር አፈር ይዞት ይወርዳል። ገበሬው ደግሞ ማሳው እንዳይታጠብበት ፈሰስ (የውሃ ማስወጫ ቦይ) ይቀድዳል። ፈሰሱ የእርሱን ሰብል ያድናል፣ ውሃውን ግን ከማሳው አጣድፎ ያስወጣዋል፣ ታች ሲደርስ ቦረቦር ይሆናል። በዚህ ገበሬውን መውቀስ ይቀለናል፤ ግን አንድ ጥማድ መሬት ለአራት ልጅ የሚያካፍል ሰው ወደ ላይ ካልወጣ ወዴት ይሂድ?

ሌላው ባሕር ዛፍ ነው። ለዚህ ዛፍ ጥላቻ የለኝም። የጎጃምን ቤት የሠራው፣ የብዙ ሰው የትምህርት ቤት ወጪ የሸፈነው እርሱ ነው። ምንጭ አፍ ላይ ሲተከል ግን ሌላ ነገር ነው። በዚያው በጨሞጋ ተፋሰስ የደን ሽፋኑ እ.ኤ.አ. ከ1957 እስከ 1998 ባለው ጊዜ ጨምሯል፣ በተተከለው ባሕር ዛፍ ምክንያት። ዛፍ ጨመረ፣ የበጋ ውሃ ቀነሰ። «ዛፍ ትከሉ፣ ውሃ ይመጣል» የሚለውን መፈክር ስሰማ ይህ ትዝ ይለኛል። የትኛው ዛፍ? የት ላይ? ጮቄ ጫፍ ላይ ችግኝ ከመደርደር ጓሳው እንዲያገግም መተው ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

የዓለም ሙቀት መጨመር ታዲያ እጁ የለበትም? አለበት፣ በሌላ መንገድ። አየሩ ሲሞቅ ከአፈሩ የሚተንነው ይጨምራል። ውርጩ ሲለዝብ ድሮ ገብስ የማይበቅልበት ከፍታ መታረስ ይጀምራል። ለልጅቷ ይህን ሊነግሯት ይችላሉ፦ ሙቀቱ በረዶ አላቀለጠብንም፣ ለማረሻው ግን መንገድ ከፍቶለታል።

አንድ ጥፋቴንም ልናገር። ከዓመታት በፊት ምንጭ በማጎልበት ሥራ ላይ ነበርኩ። ምንጩን በሲሚንቶ ገነባን፣ ቦኖ ተከልን፣ ሪባን ተቆረጠ። ከምንጩ በላይ ያለውን ዳገት ግን ማንም ዞር ብሎ አላየውም፣ እኔም ጭምር። በአራተኛው ዓመት ስመለስ ቦኖው አለ፣ ቧንቧው አለ፣ ውሃው የለም። ከላይ ያለው መሬት ታርሶ ቀይ አጥንቱ ወጥቷል። ከዚያ ወዲህ ምንጭ ሲያሳዩኝ መጀመሪያ የማየው ወደ ላይ ነው።

ስለ ትልቁ ሥዕልም ጥቂት። የዓባይ ዓመታዊ ውሃ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነው በአራት የክረምትና የመጸው ወራት ይሄዳል፤ በረዶ የሚያዘገየው ወንዝ እንዲህ አይደለም። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ህዳሴ ግድብ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ መያዝ ይችላል፣ ወንዙ ድንበር ላይ በአንድ ዓመት ተኩል የሚያፈስሰውን ያህል። ተፈጥሮ የነፈገችንን የበረዶ ጎተራ በኮንክሪት ሠራነው ማለት ይቻላል። ግን ጎተራው ታች ነው። ሮብ ገበያ ያለው ምንጭ ደግሞ ከላይ ነው። ለእርሱ የሚሆነው ጎተራ አፈሩ ብቻ ነው።

ስለዚህ ምን ይደረግ? ከምንጩ በላይ ያለውን መሬት ከከብት መከለል ከሁሉም ርካሹ ነው። በሁለትና በሦስት ክረምት ሣሩ ይመለሳል። እርከን ሲሠራ ውሃው እንዲሰርግ ሆኖ ይሠራ፣ ቦረቦሩ በክትር ይያዝ። ምንጭ ዳር ያለው ባሕር ዛፍ ባለቤት ካለው ሲቆረጥ እንዳያቆጠቁጥ መነጋገር ነው፤ በግድ ንቀሉ ማለት ጠብ ያመጣል። ውሃው በአንድ ዓመት አይመለስም፣ ይህን ለልጆቹ አይደብቋቸው።

ከሁሉ በፊት ግን ይለኩ። ካሊፎርኒያዎች ቱቦ ይዘው እንደሚወጡት እናንተ ባለ 20 ሊትር ጀሪካንና የስልክ ሰዓት ይዛችሁ ውጡ። ምንጩ ጀሪካኑን በ40 ሰከንድ ከሞላ በሰከንድ ግማሽ ሊትር ይሰጣል፤ በቀን 43,200 ሊትር። ለአንድ ሰው 20 ሊትር ቢታሰብ 2,160 ሰው ይበቃል። በየወሩ በ1ኛው ቀን ለኩ፣ ምንጩ እስኪነጥፍ ድረስ። በሚቀጥለው ዓመትም እንዲሁ። የነጠፈበትን ቀን በተለይ ጻፉት። ያ ቀን ከዓመት ዓመት እየቀደመ ነው ወይስ እየዘገየ የሚለው ከማንኛውም ሪፖርት ይበልጥ ይነግራችኋል። ጥያቄዋን ያነሣችው ልጅ መዝጋቢ ብትሆን ደስ ይለኛል።

ሰዓቱንም መጻፍ አይርሱ፣ አንድ ቀን ደግሞ ሁለቴ ይለኩ፤ ጎሕ ሲቀድና ከሰዓት ዘጠኝ ላይ። ባሕር ዛፍ ምንጩ ዳር ካለ ሁለቱ ቁጥሮች ሊለያዩ ይችላሉ። ዛፉ ቀን ይጠጣል፣ ሌሊት ያርፋል። ልዩነት ካገኛችሁ ይላኩልኝ፣ አብረን እናሰላዋለን።